የከብት ዋጋ ስለ ምን ይወጣል? ስለ ምንስ ይወርዳል?



በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሥጋ ዋጋ በወጣ ቍጥር ነጋዴውን መውቀስ፥ በወረደም ቍጥር ፈጣሪን ማመስገን የተለመደ ነገር ነው። አንዳንድ ጊዜም ሸማቹ ሕዝብ «መንግሥት ዋጋውን ይወስንልን» ብሎ አቤቱታ ያቀርባል፤ ሹሙም የሕዝቡን ጩኸት ሰምቶ ዝም ማለት ስለማይሆንለት ትእዛዝ ለማውጣት ይቸኵላል። ዋጋ ግን በራሱ በጎም ክፉም አይደለም። ዋጋ ከሩቅ የሚመጣ ወሬ ነጋሪ ነው፤ ከቆላ ስለ ዝናም፥ ከደጋ ስለ እርሻ፥ ከባሕር ማዶ ስለ ገዢው፥ ከባንክም ስለ ገንዘቡ አቅም ወሬ ይዞ ይመጣል። ወሬ ነጋሪውን ዝም ማሰኘት የተነገረውን ነገር አያስቀረውም፤ ወሬውን አስተውሎ የሚሰማ ግን ከሚመጣው ነገር አስቀድሞ ሊጠነቀቅ ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት የከብት ዋጋ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ምክንያት በተራ እንመለከታለን። በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደውን ነገር፥ ይኸውም የከብት ዋጋ ወድቆ የእህል ዋጋ በሚወጣበት ጊዜ በሕዝቡ ላይ የሚደርሰውን መከራና የሹሙን ተግባር እናስረዳለን።

፩፤ ስለ ሀብቱና ስለ ገበያው

በቋንቋችን «ከብት» የሚለው ቃል የቀንድ እንስሳን ብቻ ሳይሆን ሀብትንና ንብረትን ጭምር ሲያመለክት ኖሮአል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን የሚበልጡ የቀንድ ከብቶች ያሏት፥ በዚህም ሀብት ከአፍሪካ አገሮች መካከል በግንባር ቀደምትነት የምትቆጠር አገር ናት። የቦረና፥ የፎገራ፥ የሆሮ፥ የበጋይት፥ የራያና የአፋር ከብቶች እያንዳንዳቸው በመልካቸውም በጠባያቸውም የታወቁ ናቸው።

ምሳሌዎቻችንን በይበልጥ የምንወስደው ከባቲ ገበያ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው መንገድ ላይ፥ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ በሚጀምርበት አፋፍ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ በሚውለው ገበያዋ አፋሩ ግመሉን፥ ፍየሉንና ከብቱን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ የኦሮሞና የአማራ ገበሬም እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ ገበያ የከብትና የእህል ዋጋ በአንድ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ከብትና እህል እንዴት እንደሚመዛዘኑ ለመማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

በገበያዎቻችን በብዛት ከብት የሚሸጠው በሚዛን ተመዝኖ ሳይሆን በዐይን ተገምቶ ነው። ገዢው ሻኛውን ይዳስሳል፥ ጥርሱን ይመለከታል፥ አካሄዱን ያያል፤ ደላላውም በሁለቱ መካከል ገብቶ ያስማማል። በዚህ ሥርዓት ብዙ የሚያውቅ ይጠቀማል፤ የከተማውን ዋጋ ሳይሰማ ሁለት ቀን ተጕዞ የመጣ ሻጭ ግን ብዙ ጊዜ ይጎዳል። ከብቱን ወደ ቤቱ መልሶ ለመንዳት ውኃና ሣር በመንገድ እንደማያገኝ ገዢው ያውቃልና፥ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዋጋው ዝቅ ይላል።

፪፤ አንድ በሬ አራት ገዢ አለው

በገበያ የቆመ አንድ በሬ በአንድ ጊዜ አራት ዓይነት ገዢ ሊፈልገው ይችላል። እነርሱም አራሹ፥ አራጁ፥ ላኪውና አኗሪው ናቸው። ዋጋው የሚወሰነው በዚያ ወቅት ከአራቱ መካከል የበረታው በሚከፍለው ነው።

አራሹ በሬውን የሚፈልገው ለቀንበር ነው። እርሱ የሚመለከተው ስቡን ሳይሆን ትከሻውንና ጠባዩን ነው። ጥማድ የሌለው ገበሬ መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል ለመስጠት ይገደዳልና፥ የእርሻው ወራት ሲቀርብ፥ ማለት ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ፥ የሚያርስ በሬ ይወደዳል። እርሻው ሲያልቅ ግን ያረጀው በሬ ለሽያጭ ይወጣል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ በኅዳርና በጥር መካከል ጭድና አገዳ ስለሚትረፈረፍ፥ እህሉንም የሸጠ ገበሬ ገንዘብ ስለሚይዝ፥ ወይፈን ለመግዛት ወደ ገበያ ይመጣል።

አራጁ ልኳንዳ ቤቱ፥ ቄራውና በዓል የሚያከብረው ሕዝብ ነው። የዚህ ገዢ ፍላጎት የሚወሰነው በቀን መቍጠሪያ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ የክርስቲያን ልኳንዳ ቤቶች ስለሚዘጉ የሰንጋ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ፋሲካ ሲደርስ ግን ቅርጫ የሚገባው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገዛል። እንቍጣጣሽ፥ መስቀልና ገናም እንዲሁ ናቸው። የእስልምና በዓላት ደግሞ በጨረቃ ስለሚቈጠሩ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ፊት እየቀደሙ ይመጣሉ። ከዚህም የተነሣ የሁለቱ ሃይማኖቶች በዓላት አልፎ አልፎ ይገጣጠማሉ። ለምሳሌ በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 16 ቀን፥ ዒድ አልፈጥር ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን ውለዋል። ሕዝቡ ተቀላቅሎ በሚኖርበት እንደ ወሎ ባለ አገር እንዲህ ያለው ዓመት የሰንጋውንም የበጉንም ገበያ እንደሚያጠብቀው ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው ይችላል።

ላኪው ከብቱን ወደ ውጭ አገር የሚሰድ ነው። ከቀድሞ ጀምሮ የአፍሪካ ቀንድ ከብት፥ በግና ፍየል በበርበራና በጅቡቲ ወደቦች በኩል ወደ ዐረብ አገሮች ሲሻገር ኖሮአል። በተለይ በሐጅ ጊዜ ለመሥዋዕት የሚፈለገው እንስሳ እጅግ ብዙ ነው፤ የሚበዛው በግና ፍየል ቢሆንም ቅሉ ከብትም በዚያው መንገድ ይጓዛል። ላኪው የሚመርጠው ወጣት፥ ጤነኛና ወንድ የሆነውን ነው። ስለዚህ የላኪው ገበያ ሲደራ የወይፈን ዋጋ ከላምና ካረጀ በሬ ዋጋ ተለይቶ ይወጣል።

አራተኛው አኗሪው ነው፤ ይኸውም ገንዘቡን በባንክ ከማስቀመጥ ይልቅ በከብት የሚያኖር ሰው ነው። ገንዘብ አቅሙ እየደከመ በሚሄድበት ጊዜ ብር ከመያዝ ጊደር መያዝ ይሻላልና፥ ያለው አይሸጥም፥ የሌለውም ይገዛል። ከዚህም የተነሣ ዋጋው ይወጣል። ሸማቹ «ነጋዴው ጨመረብን» በሚልበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የጨመረው ከብቱ ሳይሆን የቀነሰው የብሩ አቅም ነው።

፫፤ ስለ ዝናምና ስለ ሣር

ከአራቱ ገዢዎች ሁሉ በላይ የከብትን ዋጋ የሚገዛው ዝናም ነው። አፋሮች በበልግ ወራት የሚጥለውን ዝናም ሱጉም፥ በክረምት የሚጥለውን ካርማ ይሉታል። ሁለቱ በጊዜያቸው ከዘነቡ ሣሩ ይበቅላል፥ ላሟ ትታለባለች፥ ቤተ ሰቡም ወተት እየጠጣ ይኖራል። በእንዲህ ያለው ዓመት አርብቶ አደሩ ለእህል፥ ለልብስና ለመድኃኒት ከሚያስፈልገው በላይ ከብት ለመሸጥ አይቸኵልም። ወደ ገበያ የሚወጣው ጥቂትና የወፈረ ስለሚሆን ዋጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ የከብት መወደድ አንዳንድ ጊዜ የጥጋብ ምልክት መሆኑን ልብ ይሏል።

ዝናም ሲቀር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ወተት ስለሚደርቅ ቤተ ሰቡ እህል መግዛት ይኖርበታል፤ እህል ለመግዛትም ከብት መሸጥ ይኖርበታል። ይህን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም፥ የጎረቤቱም ጎረቤት በአንድ ሳምንት ያደርገዋል። ሻጩ ሲበዛ ከብቱ ከስቶአልና ሥጋው ያነሰ ነው። በደንብ የወፈረ ሰንጋ ታርዶ የሚገኘው ሥጋና አጥንት ከቁም ክብደቱ ወደ እኩሌታ የሚጠጋ ሲሆን፥ ከከሳው በሬ የሚገኘው ግን ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ ዋጋው የሚወርደው በክብደቱ መቀነስ ልክ ብቻ ሳይሆን ከዚያ አልፎ ነው።

ድርቁ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይከተላል። የተረፈው ከብት ጥቂት ስለሚሆን፥ ያተረፈውም ሰው ለርቢ ብሎ ስለሚይዘው፥ ዋጋው ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ ይቈያል። ላም ከዘጠኝ ወር በላይ ታረግዛለች፤ የአገራችን ጊደርም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልደው ወደ አራት ዓመት ሲሆናት ነው። ዛሬ የተወለደ ወይፈን ለቀንበር የሚደርሰው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ፍየል ግን በአምስት ወር ትወልዳለች። እንግዲህ በአንድ በጋ የጠፋ የከብት መንጋ የሚተካው በአንድ ክረምት አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና፥ በሶማሌ ክልል፥ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ በቀሩ ጊዜ ያለቀው ከብት ጠባሳው በገበያው ላይ ለረዥም ጊዜ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

፬፤ ስለ በሽታ

በሽታ ዋጋን በሁለት መንገድ ይለውጣል። የመጀመሪያው ከብቱን በመግደል ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ለኢጣልያ ጦር ከውጭ አገር በመጡ ከብቶች የገባው የደስታ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱን ከብት ፈጀው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ከአሥሩ ዘጠኙ እንደ አለቀ ይገምታሉ። በሬ በመጥፋቱ መሬቱ ጦም አደረ፥ ሕዝቡም በዶማ መቈፈር ጀመረ፤ ንጉሠ ነገሥት ምኒልክም ሕዝቡ እንዲከተላቸው በገዛ እጃቸው መቈፈራቸው ይነገራል። ያ ዘመን እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ተብሎ ይጠራል። ይህ በሽታ በክትባት ተሸንፎ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታውጆአል። በአገራችን የመጨረሻው መሸሸጊያው የአፋር ቆላ ነበር፤ በዚያም በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሙቀት የሚችል ክትባት ተይዞ፥ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ከብቱን በመከተባቸው ድል ሆኖአል። ከዚህ የምንማረው የአንድ ክትባት ሥራ ከብዙ የዋጋ ትእዛዝ እንደሚበልጥ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ገበያውን በመዝጋት ነው። በ1975 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በደስታ በሽታ ምክንያት የሶማሊያን ከብት ከለከለች። በ1990 ዓ.ም. በኬንያና በሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በተነሣ ጊዜ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደው እንስሳ እንደ ገና ታገደ። ይህ በሽታ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን በታየ ጊዜም እገዳው ጸና፤ በሳዑዲ ዐረቢያ በኩል የተነሣውም በ2002 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት በኦጋዴንና በሐውድ ያለው አርብቶ አደር ዝናም ሳያጣ፥ ከብቱም ሳይታመምበት፥ በባሕር ማዶ በተሰጠ አንድ ውሳኔ ብቻ ገበያው ተዘጋበት። ስለዚህ ላኪው ገዢ ዋጋ የሚያወጣ ቢሆንም በአንድ ቀን ሊጠፋ የሚችል ገዢ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። የእንስሳት ሐኪም የምስክር ወረቀትና የማቈያ ስፍራ የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው።

፭፤ ስለ መንገድና ስለ ገንዘብ

በአንድ አገር ውስጥ የአንድ ዓይነት ከብት ዋጋ በሁለት ገበያዎች የሚለያየው በመካከላቸው ባለው የመንገድ ወጪ ልክ ነው። ለመኪናው፥ ለነጂው፥ ለኬላው ቀረጥ፥ ለደላላው የሚከፈለው ሁሉ በመጨረሻ የሚወጣው ከሁለት ሰዎች ኪስ፥ ይኸውም ከአርቢውና ከሥጋ በሊው ነው። ከብት በእግሩ ሲነዳ ደግሞ በየቀኑ ይከሳል። መንገዱ በጦርነት ወይም በሽፍታ ሲዘጋ ከብት በሚረባበት አገር ዋጋው ይወድቃል፥ በከተማ ግን ይወጣል፤ ሻጩም ገዢውም በአንድነት ይከስራሉ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ወሎ ከተሞች በደረሰ ጊዜ የመንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደ ሆነ የዚህ አገር ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል።

ስለ ገንዘቡም ቢሆን፥ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ በ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኖአል። ከብት ወደ ውጭ የሚሸጠው በዶላር ነውና፥ ዶላሩ ብዙ ብር ሲያመጣ ላኪው ለአንድ ወይፈን ብዙ ብር መክፈል ይችላል፤ የአገር ውስጥ ሥጋ ሻጭም ከላኪው ጋራ ለመወዳደር ይገደዳል። ቀድሞ የመንግሥቱና የጥቁር ገበያው ምንዛሪ በእጅጉ በተራራቁ ጊዜ ብዙ ከብት ያለ ፈቃድ በሶማሊላንድና በኬንያ ድንበር ሲሻገር መቈየቱም ከዚሁ የሚመጣ ነበር።

፮፤ ከብትና እህል ሲራራቁ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ለአርቢው የከብቱ ዋጋ ስንት ብር መሆኑ ብቻውን ትርጕም የለውም፤ ትርጕም ያለው በዚያ ብር ስንት ኩንታል እህል እንደሚገዛ ነው። ነገሩን ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እናድርግ። በደኅና ዓመት አንድ በሬ አሥር ኩንታል ማሽላ ይገዛል እንበል። ድርቅ ሲመጣ የበሬው ዋጋ በእኩሌታ ይወርዳል፥ የማሽላው ዋጋ ግን እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ በሬው የሚገዛው አምስት ኩንታል ሳይሆን ሁለት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። በወር አንድ ኩንታል የሚበላ ቤተ ሰብ በአንድ በሬ አሥር ወር ይኖር የነበረው አሁን ከሦስት ወር በታች ይኖራል። አሥር በሬ ያለው ሰው ሀብታም ይመስላል፤ ነገር ግን ሀብቱ በቆመበት ሳይጎድል ከአራት እጅ ሦስቱ ጠፍቶአል። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እንዲህ ላለው ጊዜ የተነገረ ይመስላል።

ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 47 የሚነግረንም ይህንኑ ነው። በግብፅ ራብ በጸና ጊዜ ሕዝቡ መጀመሪያ ገንዘቡን ከዮሴፍ ዘንድ በእህል ለወጠ፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ከብቱን ሰጠ፤ በሁለተኛው ዓመት መሬቱንና ራሱን አቀረበ። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የመከራ ደረጃው ይህ ነው፤ ገንዘብ፥ ከብት፥ መሬት፥ ከዚያም ሰውነት። ሹሙ ሊደርስ የሚገባው ሁለተኛው ደረጃ ሲጀመር ነው፤ ሦስተኛው ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ርዳታ ነፍስ ያድን እንደ ሆነ እንጂ ኑሮ አያድንም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ስለዚያ ራብ ሲመረምር፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከተለመደው እጅግ አልፎ እንዳልወጣ፥ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይወጣ እንደ ነበር አሳይቶአል። ሕዝቡ የተራበው በገበያው እህል ፈጽሞ ስላልነበረ ሳይሆን የሚገዛበት አቅም ስለ ተሟጠጠ ነው። ገበሬው አዝመራው ከሸፈበት፤ አፋሩ ደግሞ ከብቱ ከማለቁ በላይ የተረፈውም ከእህል ጋራ ሲመዛዘን ዋጋ አጣበት። በዚያ ላይ በአዋሽ ዳር በድርቅ ጊዜ የሚሸሽበት የግጦሽ መሬት ለጥጥ እርሻ ተወስዶበት ነበር። የእህሉን ዋጋ ብቻ ይመለከት የነበረ ሰው አደጋ መኖሩን ሊያውቅ አይችልም ነበር። የከብቱን ዋጋ ከእህሉ ጋራ አያይዞ የተመለከተ ግን ባወቀው ነበር።

ስለዚህ በከተማ ሥጋ ድንገት ሲረክስ ደስ ከመሰኘት በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። «በሬ ሆይ፥ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት ለበሬው ብቻ ሳይሆን ለእኛም የተነገረ ነው። በጾም መግቢያ ወይም የእርሻ ወራት ሲያልቅ መርከሱ የተለመደ ነው። ያለ ወቅቱ ከረከሰ ግን የሚበላው ሥጋ የጎረቤታችን መተዳደሪያ ሊሆን ይችላል።

፯፤ ወደ ፊት ምን ይጠበቃል?

የሚመጣውን ዋጋ በብር ቈጥሮ መናገር የጥንቈላ ሥራ ነው። አካሄዱን መናገር ግን ይቻላል። የከተማው ሕዝብ እየበዛ፥ የግጦሽ መሬት ወደ እርሻና ወደ ሠፈር እየተለወጠ፥ የፋጕሎና የፉርሽካ ዋጋም እየጨመረ ስለሚሄድ፥ በረዥም ጊዜ የሰንጋ ዋጋ ወደ ላይ ማዘንበሉ አይቀርም። በዚህ መንገድ ላይ ግን ድርቅ፥ በሽታ፥ የመንገድ መዘጋትና የውጭ አገር እገዳ በድንገት ይጥሉታል። እንግዲህ ዋጋው እንደ ተራራ መንገድ ነው፤ ወደ ላይ ቢወጣም ገደል አለበት። ከፍታው የሚጠቅመው ጊዜ ጠብቆ መሸጥ የሚችለውን ነው፤ ገደሉ የሚያገኘው ግን ዛሬ ካልሸጠ የማያድረውን ነው። የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ ከቆላ የከሳ ወይፈን ገዝቶ፥ እያረሰበት የማሽላ ቅጠልና አገዳ በእጁ እያጎረሰ አወፍሮ በበዓል ሰሞን በመሸጥ ዝናን ያተረፈው፥ መኖና ጊዜ የሚባሉትን ሁለት ነገሮች በእጁ ስላደረገ ነው።

፰፤ ስለሚገባው ሥራ

አንደኛ፤ በየገበያው ቀን የአንድ ዓይነት ከብት ዋጋ ይመዝገብ። ዛሬ የሰባ ሰንጋ፥ ነገ የከሳች ላም መጻፍ አይጠቅምም። በዚያው ቀን የአንድ ኩንታል ማሽላ ዋጋ ከጎኑ ተጽፎ፥ አንድ በሬና አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዙ ይሰላ። ይህ ስሌት በተከታታይ ሳምንታት ሲቀንስ ለበላይ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ከዋጋው ሌላ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። አርብቶ አደር በደኅና ጊዜ የሚሸጠው ወይፈንና ያረጀውን ነው፤ ጊደርና የምትታለብ ላም ወደ ገበያ ሲያወጣ ዘሩን መሸጥ ጀምሮአል ማለት ነው። ያልተሸጠ ከብት በብዛት ወደ መጣበት ሲመለስ፥ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ የማይታወቁ ሻጮች ሲበዙም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛ፤ ዋጋን በትእዛዝ ለመወሰን አይቸኰል። በደርግ ዘመን እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ገበሬው በኮታና በተወሰነ ዋጋ እህሉን እንዲያቀርብ በተገደደ ጊዜ እህል መደበቅና በስውር መሸጥ እንደ በዛ እናስታውሳለን። ከብትም እግር አለው፤ ዋጋው በአንድ ከተማ ቢታሰር ወደ ሌላ ይሄዳል። በዚህ ፈንታ ሚዛን ማቆም፥ የከተማውን ዋጋ በገበያው ማስነገር፥ የተደራረበውን የኬላ ክፍያ ማቃለል ይሻላል። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቍጥር 819/2006 አርቢው የሚሸጥበትን የመጀመሪያ ደረጃ ገበያና ላኪው የሚገዛበትን ሁለተኛ ደረጃ ገበያ ለይቶ ማደራጀቱም ለዚሁ ይረዳል።

አራተኛ፤ ድርቅ በታየ ጊዜ ከብቱ ሳይከሳ እንዲሸጥ ይደረግ። በ1998 ዓ.ም. በሞያሌ አካባቢ ድርቅ በሆነ ጊዜ ነጋዴዎች ወደ ስፍራው እንዲመጡ ተደርጎ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ከብቶች ከመሞታቸው በፊት ተገዙ። ሻጮቹም ባገኙት ገንዘብ እህል ከመግዛታቸው ሌላ ለተረፉት ከብቶች መኖ ገዙ፥ ሣር ወዳለበትም አጓጓዙ። በዚህ ዓይነት ሥራ የከተማ ነጋዴ ሲያተርፍ አርቢውም አብሮ ይድናል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና የተሞከረው፥ ሣር መድረቁ በሳተላይት ታይቶ ካሣ የሚከፈልበት የከብት መድንም ሊጠና የሚገባው ነው።

አምስተኛ፤ የከተማ ሰውም ድርሻ አለው። በደኅና ዓመት ጭድና አገዳ ገዝቶ የሚያከማች፥ ለአርቢው የከተማውን ዋጋ ሳይደብቅ የሚነግር፥ በክፉ ቀን ሰው ተጨንቆ ያቀረባትን የምትታለብ ላም በማይረባ ዋጋ ነጥቆ ከመውሰድ የሚታቀብ ነጋዴ ለራሱም የነገውን ገበያ ያቆያል። ዘሩን የሸጠ አርቢ ነገ የሚያመጣለት ከብት የለውምና።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ሳምንት በአካባቢያችሁ ገበያ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል ገዛ? ካለፈው ዓመት ከዚሁ ወር ጋራ ሲመዛዘን ጨምሮአል ወይስ ቀንሶአል?

2. በከተማችሁ የሥጋ ዋጋ በወጣ ጊዜ ምክንያቱ ከአራቱ ገዢዎች የማንኛው መበርታት ነበር?

3. በገበያው ከቀረቡት ከብቶች መካከል ጊደርና የምትታለብ ላም ስንት እጅ ይሆናሉ?

4. ከገበያው እስከ ቄራው ድረስ ለአንድ በሬ የሚከፈለው ወጪ ሁሉ ቢጻፍ፥ ሳይጎዳ ሊቀር የሚችለው የትኛው ነው?